ሹራብ ደርብ ያለችው የእንቁራሪቶች ንግሥት

ባለድምፁ በሥራ ዘመኑ ስንት ጊዜ እንደሞተ ራሱም አያውቀውም። ድንጋይ ተጭኖት ሞቷል፤ አዞ ውጦት ሞቷል፤ ከገደል ተወርውሮ፣ መብረቅ መትቶት፣ አንዴ እንዲያውም ቤት የሚያህል ሐብሐብ ወድቆበት ሞቷል። ሥራው ነው። ከውጭ የሚመጡ የልጆች ካርቱኖችን ወደ ቋንቋችን በሚመልስ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፁን እያከራየ ነው ልጅ ያሳደገው። ይሞትና ወጥቶ ሻይ ይጠጣል፤ ሻዩን ጨርሶ ይገባና ሌላ ሆኖ ይሞታል። ሚስቱ «የኔ ባል ስንቴ ሞቶ እንደመጣ የማውቀው በጉሮሮው ነው» እያለች ጎረቤት ታስቅበት ነበር።

ከዚያ ሁሉ ሞት አንዱም እንቅልፍ ነስቶት አያውቅም። እንቅልፍ የነሳው ማንም ያልሞተበት አንድ ክፍል ነው፤ አንዲት እንቁራሪት ብቅ ብላ፣ ተቆጥታ፣ ተመልሳ የሄደችበት። እንቁራሪቷን ዛሬም ድረስ ሰው ያነሳበታል። የሚያውቁት ሁሉ «እስቲ እሷን በልልን» ይሉታል፤ እሱ ጉሮሮዬን አሞኛል ይላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ያመመው ጉሮሮው አልነበረም።

ካርቱኑ ከቪዲዮ ጌም የተወሰደ ነበር። ጌሙን ያልነካ የሰፈር ልጅ አልነበረም፤ የብረት ቆብ የደፋ ፍልፈል መሬት እየማሰ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ይለቅማል፣ ጠላት ሲነካው ተገልብጦ ይሞታል፣ ትርፍ ነፍስ ስላለው አቧራውን አራግፎ ይነሳል። በቃ፣ ሌላ ታሪክ የለውም። ይህን ይዘው ተከታታይ ካርቱን የሠሩት ሰዎች ታሪኩን ከየት አመጡት ያላችሁ እንደሆነ፣ ከየትም አላመጡትም። ፍልፈሉ በየሳምንቱ ይምሳል፣ ይወድቃል፣ ይጮኻል፣ ያገኘውን ድንጋይ መልሶ ይጥላል። አንዱን ክፍል ከዳር እስከ ዳር በር ሲፈልግ ቆይቶ በሩ ከጀርባው ሆኖ ተገኝቷል። ልጆቹ ግን ምን ቸገራቸው፤ ፍልፈሉ ሲወድቅ አብረው ከሶፋ ይወድቁ ነበር።

ባለድምፁ ፍልፈሉን፣ የፍልፈሉን አጎት፣ ሁለት ዘበኞችንና አንድ የሚናገር አካፋ ይጫወት ነበር። ስቱዲዮው ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ተለብጧል፤ መስኮቱ ተደፍኗል፤ ማራገቢያው ድምፅ ስላለው ቀረጻ ሲጀመር ይጠፋል። ሰው ደረቁን ገብቶ ሻወር እንደወሰደ ሆኖ ይወጣል። በበሩ ሥር ደግሞ የጎማ መንፊያው ጩኸት ስለሚሾልክ ያገኙትን ጨርቅ ይወትፉበታል። ቀረጻውን የሚመራው ሰው «ቶሎ በሉ» ይባላል፤ ስሙ ለምን እንደወጣለት አፉን ሲከፍት ይታወቃል።

በዚህ ሙያ ትልቁ ኃጢአት ባዶ አፍ ነው። ስዕሉ አፉን ከከፈተ ድምፅ መውጣት አለበት። የውጭው ሰው ብዙ አውርቶ የኛው ትርጉም አጭር ከሆነ፣ አፉ ያለ ድምፅ ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያል፤ ልጆች ደግሞ ለዚህ ምሕረት የላቸውም። ስለዚህ ተጫዋቹ ከራሱ ጨምሮ ይሞላል፤ «ወይ ጉድ»፣ «ነው እንዴ»፣ «ቆይ አንተን»፣ ብቻ የመጣለትን። ባለድምፁን በዚህ የሚያህለው አልነበረም። ቶሎ በሉ ከመስታወቱ ማዶ «አፉ ባዶ ነው!» ብሎ ሳይጨርስ እሱ ሞልቶታል። ልማዱ ቤቱ ድረስ ተከትሎት ገብቷል። ሰው ቃል ሲጠፋው መታገሥ አይችልም፤ ከአፉ ነጥቆ ይጨርስለታል። ሚስቱ ሲያጫት እንኳ «እሺ» የሚለውን ቃል የተናገረላት እሱ ነው ትላለች።

አማቱ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከነሱ ጋር ነበር የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአንድ ሆስፒታል የልብስ ንጽሕና ክፍል አንሶላ ሲተኩሱ ነው። ሐኪም ባይሆኑም፣ ከበሽተኛ አንሶላ ጋር ያን ያህል የኖረ ሰው የራሱን ሕክምና አያጣም። የሳቸው ሕክምና አንድ ነበር፤ በሽታ ሁሉ የሚገባው በደረት ነው፣ ደረት የሚዘጋው በሹራብ ነው። ሹራቡን ራሳቸው ይሠራሉ። ለልጃቸው ሠርተዋል፣ ለልጅ ልጃቸው ሠርተዋል፤ ያን ሰሞን ደግሞ ለአማቻቸው ቡኒ ሆኖ አንገቱ አረንጓዴ የሆነ ወፍራም ሹራብ ጨርሰው ነበር። ዓይናቸው መድከም ጀምሮ ስለነበር የግራው እጅጌ ከቀኙ ትንሽ ረዝሟል።

የዚያን ቀን ጠዋት ባለድምፁ አርፍዷል። ኩሽና ቆሞ ዳቦ እየጎረሰ፣ በአንድ እጁ ጫማውን ሲያስር አማቱ ሹራቡን ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ሹራብ ደርብ።»

«እማማ፣ ስቱዲዮው እኮ ምድጃ ነው።»

«ምድጃም ቢሆን ከዚያ ትወጣለህ አይደል? የሞቀ ደረት ብርድ ሲያገኘው ነው ጉዱ። ድምፅህ እንጀራህ ናት። ደግሞ ቆመህ አትብላ፣ እግር ውስጥ ነው የሚገባው። ያን ቧንቧ እንዲሁ ሲንጠባጠብ ትተኸው ልትወጣ ነው? ውሃ የሚያንጠባጥብ ቤት ዕድሜም ያንጠባጥባል። የሸሚዝህን ቁልፍ እስከ ላይ ቆልፍ። ያበጠ ዓይን ይዘህ ነው የምትወጣው፣ አልተኛህም ማለት ነው፤ ማን ይሙት ብለህ ነው?»

እሳቸው ሲጀምሩ ማቆሚያ የላቸውም። ባለድምፁ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። በሩን ዘጋው ከማለት ወረወረው ማለት ይቀላል። አማቱ ግን የዋዛ አልነበሩም፤ እያወሩ ሹራቡን ቦርሳው ውስጥ ከትተውት ኖሯል።

ስቱዲዮ ደርሶ ቦርሳውን ሲከፍት አየው። ከታች የጎማ መንፊያው ይጮኻል፤ ቶሎ በሉ «የበሩ ጨርቅ የታለ? ማነው የወሰደው? ቶሎ በሉ እንጂ!» እያለ ይንጎራደዳል። ባለድምፁ ሹራቡን አወጣና በሩ ሥር ወተፈው።

«አዲስ አይደል እንዴ?» አለው ቶሎ በሉ።

«አዲስ ነው» አለና በእግሩ ገፋ አደረገው። ለበር የተሠራ ይመስል ልክክ አለ።

ያን ቀን የሚቀረጸው ክፍል ፍልፈሉ የእንቁራሪቶች ንግሥት እጅ የሚወድቅበት ነው። ንግሥቲቱ የምትኖረው ቀልጦ የሚንተከተክ እሳት በከበበው ቤተ መንግሥት ነው፤ እንቁራሪት እዚያ ምን ታደርጋለች ብሎ የጠየቀ የለም። ከዙፋኗ ወርዳ በፍልፈሉ ላይ ትጮኽበታለች፣ ትጮኽበታለች፣ ትጮኽበታለች። ችግሩ የምትጮኸው በእንቁራሪት ቋንቋ መሆኑ ነው። ትርጉሙን የሚጽፉት ጡረታ የወጡ መምህር ደግሞ ያልገባቸውን ነገር ገባኝ የማይሉ ጨዋ ሰው ናቸው። በዚያ ሁሉ ጩኸት ትይዩ የጻፉት አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ንግሥቲቱ ለረጅም ጊዜ ትቆጣለች» ይላል።

የሴት ድምፅ የምትጫወተው ልጅ በዚያ ላይ ጉሮሮዋ ተዘግቶ አልመጣችም። ካሴቱ ሳይመሽ ቴሌቪዥን ጣቢያው መድረስ አለበት። ቶሎ በሉ ባለድምፁን አየው፣ ባለድምፁ ቶሎ በሉን አየው፤ ማራገቢያው ጠፋ፣ ቀይ መብራቱ በራ። ንግሥቲቱ አፏን ከፈተች።

«አፏ ባዶ ነው!» አለ ቶሎ በሉ።

ባለድምፁ ሳያስበው ድምፁን አቀጠነ። የመጣለት የጠዋቱ ነገር ነበር።

«ሹራብ ደርብ! ሹራብ ደርብ ብዬህ አልነበረም? ደረትህን ከፍተህ ነው የምትዞረው? ቆመህ አትብላ፣ እግር ውስጥ ነው የሚገባው! ያን ቧንቧ ማነው ሲንጠባጠብ የተወው? ውሃ የሚያንጠባጥብ ቤት ዕድሜም ያንጠባጥባል! ቁልፍህን እስከ ላይ ቆልፍ! ማን ይሙት ብለህ ነው? ሹራብ ደርብ!»

እሳቱ ከኋላዋ እየተንተከተከ «ሹራብ ደርብ» ስትል ቶሎ በሉ ከወንበሩ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። አፏ ከቃሉ ጋር ጥርስና ከንፈር ሆኖ ገጠመ፤ እንዲህ ያለ ነገር በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። ባለድምፁም ልቡ ቅቤ ጠጣ። ጠዋት ሊመልስላቸው ፈልጎ ያልመለሰላቸውን ሁሉ ያራገፈ መሰለው። ስዕሉ ደግሞ የባሰ ነበር፤ ንግሥቲቱ ስትቆጣ ፍልፈሉ ጭቃ አድቦልቡሎ ሁለቱን ጆሮዎቹን ይደፍንባታል። ይህን እሱ አልጨመረም፣ ከውጭም እንዲሁ ነው የመጣው። ግን ማን ያምነዋል?

ክፍሉ የተላለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር፤ ትንሿ ልጁ ምንጣፉ ላይ፣ ሚስቱ ከፋርማሲ ሥራዋ እንደመጣች ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ አማቱ በወንበራቸው ላይ ክርና መርፌያቸውን ይዘው። ባለድምፁ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩ ቤቱ እንደሚመጣ አላሰበም ነበር ብንል ማን ያምነናል? ግን እውነት ነው። ሥራው ከዚያ የስፖንጅ ክፍል ውጭ የሚሰማ አይመስለውም ነበር።

እንቁራሪቷ አፏን ስትከፍት ልጅቷ በሳቅ ተንከባለለች። ሚስቱ የሻይ ብርጭቆዋን ከንፈሯ አጠገብ እንዳደረሰችው ቀረች። ባለድምፁ ሽምቅቅ አለ። ወደ አማቱ ለማየት አንገቱ እምቢ ቢለውም እንደምንም ዞረ።

አማቱ ክራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ፊታቸው በርቶ፣ እያንዳንዱን ቃል ራሳቸውን እየነቀነቁ ያጸድቁ ነበር። «እውነቷን እኮ ነው!» አሉ። «ጎሽ! ተናገሪ! ይኸው፣ ካርቱን እንኳ ያወቀውን እናንተ አልሰማ አላችሁኝ።»

ፍልፈሉ ጆሮውን በጭቃ ሲደፍን ልጅቷ እንደገና ተንከተከተች። አማቱ ግን አልሳቁም። «ምነው አንዴ እንኳ እሺ ቢላት?» አሉ። «ምን ይቀንስበት ነበር?»

የራሱን ቃል ከሌላ አፍ ሲሰማ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። አማቱ አላወቁትም። ሚስቱ ግን አወቀች፤ ባለድምፁን በዓይኗ ጠቅሳ ኩሽና አስገባችውና በሩን መለሰችው።

«እናቴን እንቁራሪት አደረግካት።»

«አፏ ባዶ ሆነብኝ...»

«የማን አፍ?»

«የእንቁራሪቷ። ማለቴ መምህሩ ምንም አልጻፉም፣ ካሴቱ ደግሞ...»

«ሰው ሁሉ ነው የሳቀባት። የገዛ የልጅ ልጇ ናት የሳቀችባት።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሄደህ እነግራታለሁ እንዳትል። ብታውቅ ከዚህ ቤት ትወጣለች፤ አውቃታለሁ። ሁልጊዜ የሰው አፍ መሙላት ትወድ የለ? እንግዲህ ዝም በል።»

ባለድምፁ ዝም አለ። ለሱ ከዚህ የከበደ ቅጣት አይገኝም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «ሹራብ ደርብ» ይል ጀመር። ዳቦ ቤት ሹራብ ደርብ፣ ታክሲ ውስጥ ሹራብ ደርብ፤ አንድ የቀለም ሱቅ እንዲያውም በሩ ላይ ጽፎ ለጠፈው። ጣቢያው ንግሥቲቱን እንደገና አምጡልን አለ። ከየት ትምጣ? የውጭዎቹ ሰዎች ከአንድ ክፍል በላይ አልሠሯትም። ስለዚህ ያንኑ አንዱን ክፍል ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ይደግሙት ያዙ። ባለድምፁ ቶሎ በሉን «እንደገና እንቅረጸው፣ ሌላ ነገር ልበል» ብሎ ለመነው። «አብደሃል? ሕዝብ የወደደውን?» አለው ቶሎ በሉ፤ ጎበዝ ብሎ ትከሻውንም መታ አደረገው።

አንድ ቀን ከአማቱ ኋላ ኋላ ከገበያ ሲመለስ ልጆች ከአጥር ላይ ሆነው «ሹራብ ደርቢ!» ብለው ጮኹባቸው። ጎረቤቱ አውቆ ነበራ፤ ከዚያ ቤት ግድግዳ ያለፈ ድምፅ ማን ያልሰማው አለ? አማቱ ዞር ብለው፣ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው፣ «አዎ! ደርቡ! ጎበዞች!» አሏቸው በደስታ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ባለድምፁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ምንኛ በወደደ። ፍልፈል መሆን ያማረው ያኔ ነው።

ሹራቡን ከስቱዲዮው በር ሥር አንስቶ ወስዶታል። ደረቱ ላይ የበሩ ጠርዝ ያሰመረበት ጥቁር መስመር አለ፤ ራሱ በእጁ አጠበው፣ አለቀቀም። ልልበሰው እንዳይል አማቱ መስመሩን ያዩታል፣ ልጣለው እንዳይል እጁ እምቢ አለው። ቁም ሣጥኑ ሥር ከተተው።

«ሹራቡ ተመቸህ?» ይሉታል አማቱ አንዳንዴ።

«በጣም እማማ። ሥራ ቦታ ነው የምለብሰው።»

«እጅጌው አልረዘመብህም?»

«ኧረ ልክ ነው።»

አማቱ ደስ ይላቸዋል። ባለድምፁ ያን ሌሊት አይተኛም። ቧንቧውን አስጠገነ፤ ቁጭ ብሎ መብላት ጀመረ፤ ቁልፉን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ባረመ ቁጥር «ይኸው፣ ልጄ ሰማኝ» እያሉ ሲመርቁት ምርቃቱ እንደ እርግማን ይከብደዋል። ጥፋቱን ባወቁና በተቆጡ ይሻለው ነበር። እሱ የሚያፍረው ሰው ስለሳቀ ብቻ አልነበረም። እሳቸው ያን ሁሉ የሚሉት ስለሚወዱት መሆኑን ያን ጠዋትም ያውቅ ነበር፤ ያውቅ ነበርና ነው የከፋው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። ፍልፈሉ ተረሳ፤ ልጆቹ ሌላ ጌም ያዙ። ትንሿ ልጅ አድጋ ኮሌጅ ገባች። አማቱ አርጅተው፣ ክርና መርፌውን ትተው፣ ምክሩን ግን ሳይተዉ ኖሩ። አንድ ጠዋት ከወንበራቸው ሊነሱ ሲሉ ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። ሆስፒታል ቆይተው ሲመለሱ እግራቸው ትንሽ ተሽሎታል፤ ንግግራቸው ግን የለም። ያያሉ፣ ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ድምፅ አይወጣም።

ባለድምፁ ይህን ማየት አልቻለም። ዕድሜውን ሁሉ ሲሸሸው የኖረው ነገር ቤቱ መጥቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቤቱም ጭር አለ። ቧንቧው መንጠባጠብ ጀምሯል፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ማንም ምንም አላለም። ቆሞ ዳቦ ይጎርሳል፤ ማንም ምንም አይለውም። እኚያን ሴትዮ ዝም በሉ ብሎ ስንቴ በልቡ ተመኝቷል? አሁን ምኞቱ የደረሰ ይመስል ራሱን ጠላው።

አንዲት የንግግር ሐኪም እቤታቸው ድረስ ትመጣ ጀመር፤ ወጣት ናት፣ ፈገግታዋ ደስ ይላል፣ ቀልድ ግን አታውቅም። በሁለተኛው ቀን ቤተሰቡን ሰብስባ ነገሩን ገለጸችላቸው። «የድሮ ቃል እንደተረገጠ መንገድ ነው። ሰው በየቀኑ ይለው የነበረውን ነገር ጀምሩላቸውና መጨረሻውን ተዉላቸው። አንዱ ቃል ከመጣ ሌላው ሊከተል ይችላል። ግን ጊዜ አለን ብላችሁ አትዘናጉ፤ እነዚህ ወራት ካለፉ ይከብዳል። ምን ምን ይሉ ነበር?»

ሚስቱ ልትናገር አስባ እንባዋ ቀደማት። ያን ያህል ዓመት የሰማችው የእናቷ ንግግር ከአእምሮዋ ተበትኖ፣ አንዱን ስትይዝ አንዱ ያመልጣታል። «ብዙ ነገር ትል ነበር... ብዙ ነገር...» አለች። ያኔ ልጅቱ ቀና ብላ አባቷን አየችው።

«አባዬ፣ እንቁራሪቷ ሁሉንም ብላዋለች እኮ።»

ሚስቱ ወደ ባሏ ዞረች። ከዚያ የኩሽና ቀን ወዲህ ስለዚያ ነገር አንስታበት አታውቅም፤ አሁን በዓይኗ የለመነችው እንዲናገር ነበር። ሐኪሟ ግራ ገብቷት «የምን እንቁራሪት?» አለች።

ባለድምፁ ወንበር ስቦ ከአማቱ ፊት ተቀመጠ። ስንት ጊዜ በዚያ ቀይ መብራት ፊት ቆሟል፣ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ድምፁን ሊያቀጥን ሞከረ፤ ጉሮሮው እምቢ አለ። እሱም አልገፋበትም። በራሱ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ ጀመረ።

«ውሃ የሚያንጠባጥብ ቤት...»

የአማቱ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ድምፅ የለም።

«ዕድሜም ያንጠባጥባል» አለ ባለድምፁ።

«ጋሼ፣ አይጨርሱላቸው እንጂ!» አለች ሐኪሟ።

«ይቅርታ። ቆመህ አትብላ...»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«እግር ውስጥ ነው...»

«ጋሼ! የታመሙት እርስዎ ነዎት?»

ልጅቱ ሳቋ አመለጣት። እናቷ በክርኗ ጎሰመቻት፤ ግን እሷም ልትስቅ ምንም አልቀራት። ባለድምፁ ታችኛውን ከንፈሩን ነከሰ። ከሱ አሁን የሚፈለገው ዝም እንዲል ነው። ቃሉን ቢያውቀውም የሰውን አፍ ባዶውን ትቶት መቀመጥ አለበት።

«ሹራብ...» አለ።

አማቱ አዩት። አፋቸው ተከፈተ። ተዘጋ። ተከፈተ። ጆሮው ውስጥ ቶሎ በሉ ሲጮህበት ይሰማዋል፤ አፏ ባዶ ነው፣ አፏ ባዶ ነው፣ ሙላው! ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆሟል። ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨምቆ ያዘ። ኩሽና ቧንቧው ጠብ አለ። እንደገና ጠብ አለ። ሚስቱ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ደ...» አሉ አማቱ። ደረታቸው ከፍ ዝቅ አለ። «ደርብ።»

የሻከረ ነበር፣ ግማሹ አየር ነበር፤ ግን የራሳቸው ድምፅ ነው። እሱ ካርቱኑ ላይ ያወጣው ቀጭን ድምፅ ከሳቸው ድምፅ ጋር ጭራሽ አይመሳሰልም ኖሯል።

«እሺ እማማ» አለ ባለድምፁ።

ተነስቶ መኝታ ቤት ሄደ። ቁም ሣጥኑ ሥር ጎንበስ ብሎ ሲጎረጉር ቆየና ሹራቡን ለብሶ መጣ። ቀኑ ሞቃት ነበር፤ ሆዱ ላይ ጠቦታል፣ የግራ እጅጌው ጣቶቹን ሸፍኗል፣ ጥቁሩ መስመር ደረቱ ላይ ተጋድሟል። ሐኪሟ ይህ ሰው ምን ሆነ እንደማለት አየችው። አማቱ ደህና እጃቸውን ዘርግተው መስመሩን በአውራ ጣታቸው አሹት፤ እድፍ መስሏቸው እንደሆነ ጣታቸውን አዩት።

«በር ሥር ወትፌው ነው እማማ» አላቸው። የጀመረውን ማቆም አልቻለም። «አንድም ቀን አልለበስኩትም። እንቁራሪቷም እርስዎ ነበሩ። ያን ጠዋት ተናድጄብዎት፣ ሰው እንዲስቅ ብዬ... ይቅር ይበሉኝ።»

አማቱ ቀና ብለው ፊቱን አዩት። ከዚያ አፋቸው ተከፈተ። ብዙ ነገር ነበር ያሉት፣ ከንፈራቸው እየፈጠነ፣ ቅንድባቸው እየተነሳ፣ እንደ ድሮው ማቆሚያ አጥቶ። አንዱም ድምፅ አልነበረውም። ባለድምፁ አላቋረጣቸውም፣ አልጨረሰላቸውም። ሲደክማቸው ራሳቸውን ወደ ኋላ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እጃቸው ግን እጅጌው ላይ ቀረ።

ዛሬ አማቱ የተወሰኑ ቃላት መልሰዋል። «ውሃ» ይላሉ፣ «ልጄ» ይላሉ፤ ጠዋት ጠዋት ባለድምፁ ሲወጣ «ደርብ» ይሉታል፤ እሱም እሺ እማማ ብሎ ይደርባል። ያን ቀን ምን እንዳሉት ግን ሁለተኛ አልተናገሩትም። ሚስቱ ይቅር ብላሃለች ትለዋለች። ልጁ ስለ ቧንቧው ነው ያወሩት ብላ ትምላለች። አንተስ ምን ያሉህ ይመስልሃል ሲሉት፣ ያ የሰው አፍ ሲሞላ የኖረ ሰው፣ እኔ እንጃ ይልና እጅጌውን ሰብስቦ ሥራው ይሄዳል።